ካናቴራ የለበሰ ጀሪካን

አያቴ ቤታቸውን ለቀው አክስቴ ዘንድ ይግቡ ወይስ እንደለመዱት ብቻቸውን ይኑሩ የሚለውን የቤተሰብ ክርክር እንዲዳኝ የተመረጠው አንድ ካናቴራ ነበር። ሰው ዳኛ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሰው ቢያንስ ይለመናል። ካናቴራውን የሠራሁት እኔ ብሆንም አስተያየቴን የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ሥራዬ ጨርቅ ላይ አንቴና ማተም ነው። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ የሚቆመውን ብረት ደረቱ ላይ የምተክልበት ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የብር ዱቄት የተለወሰበት ወፍራም ቀለም አለ፤ ወንፊት በተወጠረበት ፍሬም ላይ እናፈሰውና በጎማ መጥረጊያ እንጎትተዋለን። ቀለሙ ከሥር ያለው ጨርቅ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ያርፋል፤ ከዚያ በሙቀት ይደርቃል። የኳስ ቡድን ማሊያ የሚያትሙት ሰዎች የሚሠሩትም እሱኑ ነው። ልዩነቱ የእነሱ አርማ ቢንሻፈፍ ደጋፊው ይስቃል፤ የእኛ መስመር ከተበጠሰ ካናቴራው ዲዳ ይሆናል።

ከሁሉም የሚያስቸግረን ግን ሰው ነው። ሰው ውሃና ጨው ነው፤ ለአንቴና ደግሞ ውሃና ጨው ክፉ ጎረቤት ነው፣ ጠባይ ያስለውጣል። ጠረጴዛ ላይ ሲለፈልፍ የዋለ አንቴና ሰው ሲለብሰው ይለጎማል። ስለዚህ ገና ስንነድፈው ከገላ ጋር እንዲግባባ አድርገን እናስተካክለዋለን። ያኔ ነገሩ ይገለበጥና ሰው ላይ ይናገራል፣ ወንበር ላይ ሲሰቀል ዝም ይላል። ቀኑን ሙሉ እጁን ዘርግቶ የሚቆምልን ሰው ስለማይገኝ ጀሪካን ውስጥ ውሃ፣ ጨውና ስኳር በልኩ አሟሙተን ካናቴራውን እናለብሰዋለን። አንቴናው ልዩነቱን አያውቅም፤ ለእሱ ጀሪካኑ ሰው ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ «ጋሼ» እንለዋለን። ከአለቃዬ ይልቅ እሱ ሥራ ያግዛል።

አክስቴ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። ከጀርባዋ «ደወል» እንላታለን፤ አፏን ስትከፍት ሁሉም እጁ ላይ ያለውን አስቀምጦ ይሰለፋል። ከአባቷ በስተቀር። አያቴ ዕድሜያቸውን የከባድ መኪና መሪ ጨብጠው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከኋላቸው የሚጮህ ጡሩምባ አያስደነግጣቸውም። እጃቸውን በመስኮት አውጥተው «የቸኮለ ይለፍ» ይሉታል እንጂ።

ጠቡ የተነሳው በደረጃ ነው። ከአያቴ ቤት ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ አለ፤ አናቱ ላይ ፑል ቤት አለ። አሳንሰሩ ከሞተ ቆይቷል፤ አሁን በሩ የሚያገለግለው ማስታወቂያ ለመለጠፍ ነው። አያቴ በየቀኑ እዚያ ይወጣሉ። ሐኪማቸው «ደረጃ ሲወጡ ቀስ እያሉ» ብሏቸው ነበር። አክስቴ ከዚህ የሰማችው «ደረጃ» የሚለውን ነው፤ አያቴ የሰሙት «ሲወጡ» የሚለውን።

አክስቴ ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል አሰናዳች። አልጋው አጠገብ የሚጨበጥ ብረት ግድግዳው ላይ አስተከለች፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የማያንሸራትት ምንጣፍ አነጠፈች፣ ከራስጌው በላይ የሚጫን ደወል አስገጠመች። አያቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ክፍሉን ዞረው አዩና «ሸጋ ነው፤ በሽተኛው መቼ ይገባል?» አሉ።

ካናቴራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «እንግዲህ ይህች ልጅ ትምህርቷን ለአንድ ነገር ታውለው» አለች አክስቴ፣ በአገጯ ወደ እኔ እያሳየች። ስምምነቱ አጭር ነበር። አያቴ ካናቴራውን ይለብሳሉ፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠች ትንሽ ሳጥን ምልክቱን ትቀበላለች። ቤት ካሉ የአክስቴ ስልክ ላይ አረንጓዴ ክብ ይበራል፤ ከወጡ ወይም ካወለቁት ክቡ ቀይ ይሆናል። አንድ ጊዜ ቀይ ከሆነ ዕቃ ይጠቀለላል።

«ተስማምቻለሁ» አሉ አያቴ ወዲያው።

መጠርጠር ነበረብኝ። እኚህ ሰው የትራፊክ መብራት እንኳ አረንጓዴ ሲሆን «እስኪ ምን አስቦ ነው?» የሚሉ ናቸው።

እንዲያውም ተንኮሉን ቁጭ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። የቤተ ሙከራችን ሕንፃ ውሃ ተቋርጦ ስለነበር ጋሼን የሞላሁት በእሳቸው ወጥ ቤት ነው። አያቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጨውና ስኳሩን ሲያቀብሉኝ፣ እኔ ደግሞ አፌ አላረፈም።

«ይሄን ካናቴራ ማታለል አይቻልም አባባ። ወንበር ላይ ቢሰቅሉት ወዲያው ያውቃል።»

«እኔ ወንበር አለመሆኔን በምን ያውቃል?»

«ውሃና ጨው ነዎት እኮ።»

«ስድብ ነው?»

«ሳይንስ ነው።»

«እና ይሄ ጀሪካንም እንደኔ ውሃና ጨው ነው?»

«አንቴናው አይለያችሁም።»

«እህ» አሉ አያቴ። ጀሪካኑን አዲስ የመጣ ተከራይ እንደሚታይ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት። ከባድ ስለሆነ በኋላ እወስደዋለሁ ብዬ እቃ ማጠቢያው ሥር ትቼው ሄድኩ።

ሳምንቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆነ። አክስቴ ስልኳን ለመምህራኑ ሁሉ አሳየች። «አባቴ ታዘዙ» ስትል ድምጿ ውስጥ ትንሽ ድንጋጤ ነበረበት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ሙከራ ገብቼ የሳምንቱን ቅጂ ከፈትኩ። ክቡ ለቤተሰብ የሚታይ ነገር ነው፤ እኔ የምፈልገው ከክቡ ጀርባ ያለውን መስመር ነበር። ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ይነሳል፣ ጨርቁ ይሳባል፣ አንቴናው አብሮ ይለጠጣል፣ መስመሩም ከፍ ዝቅ ይላል። የአያቴ መስመር ከፍም ዝቅም አይልም። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሰኞም ቀጥ፣ ማክሰኞም ቀጥ፣ ኳስ ጨዋታ በነበረበት ዕለትም ቀጥ።

ቀጥ ያለ መስመር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ለአያቴ ላሳያቸው ያዘጋጀሁትን አዲሱን ካናቴራ እንደያዝኩ ቦርሳዬን አንስቼ ሮጥኩ። መንገድ ላይ አላለቀስኩም። የማስበው ለአክስቴ የምነግራትን ነበር፦ አባትሽ ሰኞ አርፈዋል፣ የኔ ካናቴራ ግን እስከ ቅዳሜ ድረስ «ደህና ናቸው፣ ቤት ናቸው» እያለ አረንጓዴ ሲያበራልሽ ሰንብቷል። እንዲህ ያለ ውጤት የትኛው ጉባኤ ላይ ይቀርባል?

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ከሶፋው መደገፊያ በላይ የአያቴ ኮፍያና የግራጫ ኮታቸው ትከሻ ይታያል። አክስቴ ከመደርደሪያው ፊት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ አቧራ እየጠረገች ታወራለች።

«…ክፉ ሆኜ መሰለዎት አባዬ? ያ ደረጃ ላይ ቢወድቁ ስልኩ የሚደወለው ለኔ ነው። ወንድሞቼ 'ስብሰባ ላይ ነን' ይላሉ። ሮጬ የምመጣው እኔ ነኝ! ያን ስልክ ስጠብቅ ነው የምውለው። አሁን ግን ይኸው ሳምንቱን እንዴት አረፉ! ደግሞ ዛሬ ነገሬን ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ፊትዎም ወዝ አግኝቷል።»

ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ተራመድኩና ፊታቸውን አየሁ። በእርግጥ ወዝ ነበረው። ቢጫ ነበር፤ ክዳኑ ቀይ።

ጋሼ ሶፋው ላይ ጉብ ብሏል። ከውስጥ የኔን ካናቴራ፣ ከላይ የአያቴን ኮት ለብሷል። ክዳኑ ላይ ኮፍያ ተደፍቶለታል፤ እግር ቢኖረው ኖሮ በሚያርፍበት ቦታ ነጠላ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጦለታል። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለኔ ምረቃ እንኳ አላደረጉም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚለው ተረት ስለማን እንደተተረተ ያን ጊዜ ገባኝ። አክስቴ ጠዋቱን ሙሉ ስትወቅጥ ቆይታለች።

«አንቺ መቼ ገባሽ?» አለች ዘወር ብላ።

«አሁን። እሳቸው… እንቅልፍ ሳይወስዳቸው አልቀረም። እንውጣ፤ አንረብሻቸው።»

«እንዲህ ተቀምጠው? አንገታቸውን ሊያማቸው ነው» አለችና ከወንበሩ ላይ ጋቢ ቢጤ ብርድ ልብስ አንስታ ዞረች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ የአያቴ ጉድ ግን ከፊት ነበር። ብርድ ልብሱን ልታለብስ ስትጎነበስ ኮፍያው ወደቀ።

ደወል ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አልነበራትም።

«ይሄ… ይሄ ምንድን ነው?»

«ጋሼ ነው» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

ቀና ስትል ዓይኗ በመስኮቱ አለፈና ማዶ ያለው ፎቅ አናት ላይ አረፈ። እዚያ፣ በተከፈተ መስኮት፣ አያቴ የፑል ዱላቸውን ተደግፈው ንፋስ እየተቀበሉ ነበር። አዩን። እጃቸውን ለሰላምታ ሊያነሱ ጀምረው ትተውት ቀስ ብለው ከመስኮቱ ሥር ሰመጡ። ዱላው ብቻ ቀረ።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች አክስቴ። በመንገዱ የሚያልፉ ወንዶች፣ አባት የሆኑትም ያልሆኑትም፣ ቀና አሉ።

እስኪመጡ ድረስ ካናቴራውን ከጀሪካኑ ላይ አወለቅኩ። ወዲያው አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው። የኛ መስመሮች ክብ ለሆነ ነገር፣ ለደረትና ለጎን የተሠሩ ናቸው፤ ይለጠጣሉ፣ ይጠቀለላሉ። ጋሼ ግን ማዕዘን አለው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለምናለብሰው አስበነው አናውቅም። ሳምንቱን ሙሉ በማዕዘኑ ታጥፎ የሰነበተው ጨርቅ ላይ የብሩ መስመር እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በብርሃን ካላዘነበሉት አይታይም። ጀሪካን ስለማይተነፍስ ስንጥቁ እስካሁን ዝም ብሏል፤ የሚተነፍስ ሰው ሲለብሰው ግን በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ምልክቱን ያስዘልለዋል።

አያቴ ገቡ። መጀመሪያ ያዩት ጀሪካኑን ነው።

«ምን በደላችሁ ነው ኮፍያውን ያወለቃችሁበት?»

«ዕቃዎን ይጠቅልሉ» አለች አክስቴ።

«ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«ይጠይቃሉ ደግሞ!»

«ካናቴራው 'ቤት ናቸው' ካለ እዚሁ እቀራለሁ አልተባለም? አለ። አንድ ቀን ቀይ ሆኖብሻል?»

«የለበሰው ጀሪካን ነው!»

«ማን ይልበሰው ተብሎ ስም አልተጠራም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ለካናቴራው እኔና እሱ አንድ ነን አላልሽም?»

በእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ውስጥ ሳይንስ የሚጠቅመው ሲጠቀስ ሳይሆን ሲደበቅ ነው።

«ቀልዱን ይተዉት» አለች አክስቴ። ድምጿ ወረደ፤ ያ ከጩኸቱ ይበልጥ ያስፈራል። «ዛሬ ማታ ክፍልዎ ይገባሉ። አበቃ።»

አያቴ ቀልዱን ተዉት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ቤታቸውን አዩት፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመጀመሪያ መኪናቸውን ፎቶ፣ ጠረጴዛውን፣ መስኮቱን። እኔ ስሜታዊ አይደለሁም፤ ግን ይህ ሰው ከዚህ ክፍል ከወጣ ጀሪካን እንደሚሆን ገባኝ። ሶፋ ላይ ያስቀምጡታል፣ አረንጓዴ ይበራለታል፣ አይናገርም።

«እንዲህ ይሁን» አሉ። «አሁን ካናቴራውን እኔው ልልበስና ያን ደረጃ ልውጣው። ትንፋሼ ከተቆራረጠ ራሴ ሻንጣዬን ተሸክሜ እመጣልሻለሁ። ካልሆነ ግን ሁለተኛ ስለ ብረትሽ እንዳታነሺብኝ።»

አክስቴ አሰበች። ማስረጃ የምትወድ ሴት ናት፤ ተማሪ ያለ ማስረጃ አታባርርም።

«እኔም እለብሳለሁ» አለች። «ጎን ለጎን እንውጣ። ጤነኛ ሰው ደረጃ ሲወጣ ምን እንደሚመስል እሳቸውም ይዩት። ሁለተኛ አለሽ?»

«አለ» አልኩ አዲሱን ከቦርሳዬ እያወጣሁ። «ይሄን አንቺ—»

«አይሆንም! አዲሱን ለእሳቸው ስጪ። ያንን ለኔ። ሳምንቱን ሙሉ እጃቸው ላይ የነበረ ነገር ምን እንዳደረጉበት አይታወቅም። አባቴን አውቃቸዋለሁ።»

«አክስቴ፣ እሱ እኮ ጀሪካኑ ላይ—»

«አንቺ ዝም በይ! ይሄን ጀሪካን እዚህ ቤት ያስገባሽው አንቺ ነሽ።»

የተሰነጠቀውን ሰጠኋት።

ሳጥኗን በአንድ እጄ፣ ስልኬን በሌላው ይዤ ከኋላቸው ተከተልኩ። ስልኩ ላይ ሁለት መስመር ይታያል፤ ሰማያዊው የአያቴ፣ ቀዩ የአክስቴ።

አያቴ ደረጃ የሚወጡት ዳገት እንደሚነዱት ነው፤ ከባድ ማርሽ ያስገባሉ፣ ከዚያ ማርሽ አይለውጡም። አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው እዚያው ጎኑ፣ ትንፋሽ፣ ደግሞ አንድ እግር። የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ወንበር አውጥታ አስቀምጣለች።

«ዛሬ ሁለተኛ ጉዞ ነው እንዴ አባባ?» አለች መቀሷን ሳታስቀምጥ።

«ጭነት ረስቼ ነው» አሉና ተቀመጡ።

ወንበሩ ለእሳቸው እንደሆነ ያስታውቃል፤ ትራስ ሳይቀር አለው። ከዚያ በላይ ባለው ፎቅ ፎቶ አንሺው ሌላ ወንበር አውጥቷል። ሰውየው ደረጃ ብቻ ሳይሆን መናኸሪያም አላቸው። ሰማያዊው መስመር በዝግታ ከፍ ይላል፣ በዝግታ ዝቅ ይላል። ለዚያ ማንም አልሸለመኝም እንጂ፣ ካናቴራውም ደህና፣ ሰውየውም ደህና ነበሩ።

አክስቴ ወንበር አላስፈለጋትም። ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ አርፍዶ የመጣ ተማሪ እንደምታሳድድ፣ በተረከዝ ጫማዋ ቋ ቋ እያደረገች ቀደመችን። «ይኸው! እንዲህ ነው!» የሚለው ድምጿ ከላይ መጣ። ቀጥሎ «ይኸ…» ብቻ መጣ። ቀዩን መስመር አየሁት። የገበያ ጠብ ይመስል ነበር፤ ይዘልላል፣ ይወድቃል፣ ይጠፋል፣ ከሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ግማሹ የብሩ ስንጥቅ ነው። ግማሹ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አክስቴ ራሷ ነበረች።

ፑል ቤት ስንደርስ በሩን ይዛ ቆማለች።

«ደህና… ነኝ» አለች፤ ማንም አልጠየቃትም ነበር።

የአያቴ የዘወትር ተጋጣሚ፣ ጡረታ የወጡት የጥርስ ሐኪም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡና ስልኬን አዩት። «እሰይ፣ ይቺ ሰማያዊ ያማረች ናት። ይሄ ቀዩ የማን ነው?»

«የሷ» አሉ አያቴ የፑል ዱላቸውን ጫፍ ጠመኔ እየቀቡ።

ሐኪሙ አክስቴን አዩ። ከዚያ መስመሩን። ከዚያ እንደገና አክስቴን። «ኧረ እናቴ፣ ቁጭ በይ! ወንበር አምጡ! ውሃ!»

ፑል ቤቱ ተተራመሰ። ኳስ ሊመታ ያጎነበሰው ሰውዬ ሳይቀር ዱላውን ጥሎ ወንበር ጎተተ። አክስቴ «እኔ? እኔ እኮ…» እያለች ተገፍታ ተቀመጠች፤ አንዱ በጋዜጣ ያራግብላታል።

ሕሊናዬ ለአፍታ ነቃ። «አክስቴ» አልኩ ጎንበስ ብዬ፣ «መስመሩ የዘለለው እኮ ብሩ ስለተሰነ—»

«ዝም… በይ… አልኩሽ!»

ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። በሁለቱም ያገኘሁት ውጤት አንድ ነው። ከዚህ በላይ የሚሞክር ከማስረጃ የማይማር ነው።

አያቴ ነጩን ኳስ አነጣጥረው መቱና ቀና አሉ። «ያ ብረት የተተከለበት ክፍል ባዶውን ነው አይደል?»

«አባዬ…»

«በሽተኛው መቼ ይገባል ብዬ አልነበር? ተገኘ።»

አክስቴ መጀመሪያ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ ስላልነበራት ሳቀች። ሳቋ ራሱ ደወል ነው፤ ፎቶ አንሺው ከታች ፎቅ ወጥቶ ምን ተፈጠረ አለ።

አያቴ ቤታቸው ቀሩ። ደረጃውን ሲወጡ ካናቴራውን ይለብሳሉ፤ በገዛ ገላቸው። ይህን የጨመረችው አክስቴ ናት፣ አያቴም የተቀበሉት ወዲያው አልነበረም፣ ስለዚህ አመንኳቸው። ጋሼን ወደ ቤተ ሙከራ ስመልሰው ግን ቅር አላቸው። «ጨዋ ሰው ነበር፤ ኳስ ስናይ ዳኛ አይሳደብም» አሉ።

አለቃዬ መስመሮቻችን ሹል ማዕዘን ላይ እንደሚሰነጠቁ ስነግረው በጣም ተደሰተ፤ እንዴት እንደደረስኩበት ሲጠይቀኝ «ጋሼ ከቤተሰብ ጋር ሰንብቶ» አልኩት። አሁን መታጠፊያው ላይ መስመሩን እንደ እባብ አጠማዝዘን እናትመዋለን።

አክስቴ ደግሞ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ ደረጃውን ጠዋትና ከሰዓት ትወጣለች ትወርዳለች አሉ። በቅርቡ ቢሮዬ ድረስ መጥታ በሩን ዘግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለራሷ ካናቴራ ጠየቀች። ከአዲሶቹ፣ ከማይሰነጠቁት፣ አንዱን ሰጠኋት። በሳምንቱ ስልኳን ዘርግታ አሳየችኝ፤ መስመሩ እንደ አያቴ መስመር በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል።

«አየሽ ለውጡን?» አለች ደረቷን ነፍታ። «ሁሉም ነገር ልምምድ ነው። ምነው? የምትይው ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።